የሟች ቤተሰብ የካሣ መብት፦ ከቀብር እስከ ፍርድ ቤት

አንድ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ወይም ቸልተኝነት ሲሞት፣ ቤተሰቡ ሐዘኑን ሳይጨርስ ብዙ ጥያቄዎች ይከቡታል። ሽማግሌ ተልኳል፣ ይቅር እንበል? ፖሊስ ቃል ስጡ ይላል፣ ምን እንበል? የሹፌሩ ዘመዶች ለቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ አምጥተዋል፣ እንቀበል? አላህ የወሰነው ነው ብለን እንተወው ወይስ እንክሰስ? አብዛኛው ቤተሰብ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ውስጥ፣ ልቡ ባልረጋበት ሰዓት ነው። በኋላ ላይ የየቲሞቹ ቀለብና የትምህርት ወጪ ሲመጣ የሚቆጨውም ያኔ የተሰጠው መልስ ነው።

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሕግ የሟች ቤተሰብ ያለውን የካሣ መብት፣ መብቱ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከሸሪዓ የደም ካሣ (ዲያ) ጋር ያለውን ግንኙነትና በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሞቱ ወገኖች ቤተሰብ ማድረግ የሚገባውን በቅደም ተከተል ያስረዳል። አብዛኛው ምሳሌ የመኪና አደጋ ነው፤ ብዙውን ቤት የሚያንኳኳው እሱ ስለሆነ።

ቀደርን ማመንና መብትን መጠየቅ

በአላህ ውሳኔ ማመን የኢማን መሠረት ነው። ነገር ግን በቀደር ማመን ካሣ መጠየቅን አይከለክልም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ በስህተት ሰው የገደለ ሁለት ግዴታ እንዳለበት ተደንግጓል። አንደኛው በእርሱና በአላህ መካከል ያለው ከፋራ ነው፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያልቻለ ሁለት ተከታታይ ወር መጾም። ሁለተኛው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው የደም ካሣ ነው። ካሣው የቤተሰቡ መብት በመሆኑ በፈቃዳቸው ሰደቃ አድርገው መተው ይችላሉ። ስለዚህ መጠየቅም መተውም የተፈቀደ ነው። ያልተፈቀደው የራስ ያልሆነን መብት መተው ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ለሞት የሚከፈል ካሣ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ «ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት» በሚለው ክፍል ነው። መሠረቱ አንቀጽ 2028 ሲሆን፣ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው መካስ አለበት ይላል።

የመኪና አደጋ ሲሆን ሕጉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም ነው። መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆን፣ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። ነፃ ሊያወጡት ከሚችሉት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። ጉዳቱ የደረሰው በራሱ በሟች ጥፋት መሆኑን ካስረዳ ደግሞ እንደ ጥፋቱ መጠን ካሣው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ደመወዝተኛ ስለሆነ የሚከፍለው የለውም፣ መኪናው ግን ባለቤት አለው። ከዚህ በተጨማሪ አንቀጽ 2130 ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል። አንቀጽ 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ብዙ ኃላፊዎች ሲኖሩ በአንድነት እንዲጠየቁ ያደርጋል፤ ቤተሰቡ ሙሉውን ካሣ መክፈል ከሚችለው ከአንዱ ሊወስድ ይችላል።

በሥራ ቦታ፣ በግንባታ፣ በሕክምና ስህተት ወይም በተናደ ግንብ ለደረሰ ሞትም በየራሳቸው ድንጋጌ ኃላፊነት አለ። የሙያ ሰው የሙያውን ደንብ ጥሶ ጉዳት ካደረሰ አንቀጽ 2031 ይጠይቀዋል። የሕክምና ክስ የሚከብደው የባለሙያ ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ነው፤ ስለዚህ የሟችን የሕክምና ካርድ ግልባጭ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ካሣ የሚጠይቀው ማን ነው?

አንቀጽ 2095 ካሣ መጠየቅ የሚችሉትን ሲዘረዝር የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ናቸው ይላል። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ስም ይከሳሉ። የሚጠይቁትም በሟቹ ሞት ምክንያት ያጡትን ቀለብ ነው። ሟቹ በሞተበት ጊዜ በተግባር እየረዳቸው ባይሆንም መብቱ አይቀርባቸውም። ወንድምና እህት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በሸሪዓ ወንድም የሚወርስበት ሁኔታ ስላለ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይደናገራል፤ ወራሽ መሆንና በፍርድ ቤት የካሣ ከሳሽ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስት ጉዳዮች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የተጸነሰ ልጅ ነው። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች በሆዷ ያለው ልጅ፣ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ ለጥቅሙ ሲባል እንደተወለደ ይቆጠራል። በክሱ ውስጥ መካተት አለበት።

ሁለተኛው በኒካህ ብቻ የተጋባች ሚስት ነው። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የኒካህ ወረቀት ካለ ይቀርባል። ከሌለ ኒካሁን ያሰረው ሰው፣ ወሊይና ምስክሮቹ ቀርበው፣ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን ጎረቤት መስክሮ በፍርድ ቤት ማስወሰን ይቻላል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ በፊት መጀመር ያለበት ነው።

ሦስተኛው ሟቹ ከተለያዩ እናቶች የወለዳቸው ልጆች ጉዳይ ነው። የልጅነት መብት በእናቶቹ ግንኙነት አይወሰንም። አንዱን ወገን አስቀርቶ የሚቀርብ ክስ በኋላ በቤተሰብ መካከል ሌላ ክስ ይወልዳል።

ከቀብር በፊት የሚደረግ

ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው። ሆኖም ሞቱ በአደጋ ወይም በወንጀል የተከሰተ ከሆነ ለፖሊስ ሳያሳውቁ መቅበር በኋላ የሞቱን ምክንያት ማስረዳት እንዳይቻል ያደርጋል። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ሰውየው የሞተው በአደጋው ለመሆኑ ማስረጃችሁ የት አለ ብሎ ነው። በተለይ ተጎጂው ሆስፒታል ሰንብቶ ወይም ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ የሞተ እንደሆነ ይህ ጥያቄ ከባድ ይሆናል።

የአስከሬን ምርመራ ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ነገር ነው። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1408 ሂጅራ ባሳለፈው ውሳኔ በወንጀል ጉዳይ የሞትን ምክንያት ለማወቅ አስፈላጊ ሲሆን ምርመራ እንደሚፈቀድ ገልጿል፤ ከአስፈላጊው በላይ ሳይታለፍና የሟቹ ክብር ተጠብቆ። ምርመራውን የሚያዘው ፖሊስ ነው። ቤተሰቡ ቶሎ እንዲያልቅ መጠየቅ፣ ሟቿ ሴት ከሆነች በሴት ሐኪም እንዲሆን ማመልከት ይችላል።

በዚያው ሳምንት ውስጥ የሚከተሉት መሰብሰብ አለባቸው፦ የመኪናው ታርጋ ቁጥርና በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር፣ የሹፌሩና የባለቤቱ ስም፣ ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ጣቢያና የመዝገብ ቁጥር፣ በቦታው የነበሩ ምስክሮች ስምና ስልክ። ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን ዋናው ማስረጃ ነው፤ ግልባጩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቀርባል። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የሞት የምስክር ወረቀት ሊወጣ ይገባል። ለሆስፒታል፣ ለአምቡላንስ፣ ለከፈንና ለቀብር የወጣው ወጪ ደረሰኙ ይቀመጥ።

ከመድን ድርጅት የሚገኘው

በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን እንዲኖረው አስገድዷል። በዚያ አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ቤተሰቡ ጥያቄውን ሲያቀርብ በሥራ ላይ ያለውን ጣሪያ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የመድን ጣሪያ የካሣው ጣሪያ አይደለም። መድን ድርጅቱ የሚከፍለው እስከ ሽፋኑ ድረስ ነው፤ ቤተሰቡ የደረሰበት ጉዳት ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከመኪናው ባለቤትና ከሹፌሩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት መጠየቅ ይችላል። መድን ድርጅቱ ሲከፍል የሚያስፈርመውን ወረቀት አንብቡ። «የመድኑን ክፍያ ተቀብያለሁ» ማለትና «ከዚህ በኋላ ከማንም ምንም አልጠይቅም» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው።

ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና፣ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ጥያቄው የፖሊስ ማስረጃ ተይዞ ይቀርባል። መኪናው አልተያዘም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ይህን በር ሳያንኳኳ መቅረት የለበትም።

ከመድን የሚገኝ ገንዘብ ሐላል ነው ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። የንግድ መድን ውል መግባት ላይ ዑለማኦች የተለያዩበት ቢሆንም፣ የሟች ቤተሰብ ውሉን የገባ ወገን አይደለም። ጥፋተኛው መክፈል ያለበትን መድን ድርጅቱ ሲከፍልለት መቀበል ነውር የለበትም የሚሉ የዘመናችን ዑለማኦች ብዙ ናቸው።

የወንጀሉ ክስና የካሣው ክስ

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚይዙት ክስ ሹፌሩን ለመቅጣት ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ያስቀጣል፤ እንደ ሹፌርና ሐኪም ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። መቀጮው ለመንግሥት ይገባል፤ ለቤተሰቡ አንድ ብር አይደርሰውም። ሹፌሩ ታሰረ ማለት ካሣ ተገኘ ማለት አይደለም።

ሕጉ የካሣ ጥያቄን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብን ይፈቅዳል፤ በተግባር ግን አብዛኛው ቤተሰብ የሚከሰው በተለየ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ነው። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባልስ? አንቀጽ 2149 የካሣውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ ነፃ የማውጣት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። በወንጀል ችሎት የሚፈለገው የማስረጃ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ኃላፊነት ደግሞ በሹፌሩ ጥፋተኛነት ላይ የቆመ አይደለም። ስለዚህ «ሹፌሩ ነፃ ወጥቷል፣ አለቀ» የሚለውን ወሬ ሰምቶ መዝገብ መዝጋት አይገባም።

ሁለት ዓመት

የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህ አንቀጽ 2143 ነው። ጉዳቱ የመጣው የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካስቀመጠለት ወንጀል ከሆነ ያ ረዘም ያለው ጊዜ ይሠራል። ይሁንና በዚህ ተማምኖ መቆየት ከተከሳሽ ጋር ሌላ ክርክር መክፈት ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ሞት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚቀርብ ጥያቄ ደግሞ በአጠቃላይ ደንቡ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

ሽምግልና ይርጋን አያቆምም ብሎ ማሰብ ይሻላል። «ዛሬ ነገ እንጨርሳለን» እየተባለ ሁለት ዓመት ያለፈበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ እየተነጋገሩ ክሱን መመሥረት ይቻላል፤ ከተስማሙ ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ ይጸድቃል።

ኢዳ ላይ ያለች ሚስትም በዚህ ምክንያት መብቷ እንዲያልፍ አይገባም። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው። ዑለማኦች ለአስፈላጊ ጉዳይ በቀን መውጣትን ፈቅደዋል። መውጣት ካልፈለገች በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት በተረጋገጠ ውክልና የምታምነውን ሰው ማቆም ትችላለች። ውክልናው ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ፦ «ለመክሰስና ለመከራከር» የሚለውና «ለመታረቅና ገንዘብ ለመቀበል» የሚለው የተለያየ ሥልጣን ነው። ሁለተኛውን ለዘመድ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ሽምግልናና ሱልህ፦ ማን ምን መተው ይችላል?

በአገራችን ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ብዙ ነው። በኦሮሞ ጉማ፣ በሶማሌ የጎሳ ዲያ፣ በወሎ የአባጋር ሽምግልና አለ። እነዚህ ሥርዓቶች ቂምን ያደርቃሉ፣ በቀልን ያስቀራሉ። በሸሪዓም ሱልህ የተወደደ ነው። ሽምግልናን መናቅ አይገባም፤ ወሰኑን ማወቅ ግን ግድ ነው።

የመጀመሪያው ወሰን የሰነዱ ኃይል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3312 መሠረት የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በለቅሶው ድንኳን በ20,000 ብር የተፈረመ «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» የሚል ወረቀት በኋላ የሚመጣውን ክስ ሊዘጋ ይችላል። በተዝያው ሰሞን የሚመጣ ገንዘብ ካለ ተቀባዩ «ለቀብር ማስፈጸሚያ የተሰጠ፣ የካሣ መብትን የማይነካ» ብሎ ጽፎ ይፈርም። ሰጪው ይህን ካልተቀበለ ገንዘቡ ለምን እንደመጣ ግልጽ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወሰን የየቲሞች ድርሻ ነው። አዋቂ ወራሽ የራሱን ድርሻ ለአላህ ብሎ ሊተው ይችላል፤ አጅሩም ትልቅ ነው። አያት፣ አጎት ወይም እናት ግን የሕፃናቱን ድርሻ ይቅር የማለት ሥልጣን የላቸውም። ሞግዚት የየቲሙን ሀብት የሚጠብቅ እንጂ የሚለግስ አይደለም፤ የየቲም ገንዘብ መብላት ከከባዶቹ ወንጀሎች መሆኑም የታወቀ ነው። በአገሪቱ ሕግም ሞግዚት በሕፃን ስም ለመታረቅ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ቤተሰቡ ይቅር ብሏል» ሲባል ትክክለኛው ጥያቄ፣ ከቤተሰቡ ማን ነው ይቅር ያለው፣ የማንንስ ድርሻ የሚለው ነው። ሽማግሌዎችና ኢማሞች እርቅ ሲያስፈጽሙ የሕፃናቱን ድርሻ ለይተው ማስቀመጥና በስማቸው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ሦስተኛው ወሰን ክፍፍሉ ነው። የደም ካሣ ተብሎ በስምምነት የተገኘ ገንዘብ እንደ ውርስ ይከፈላል፤ የሟቹ ዕዳ ካለ አስቀድሞ ይወጣለታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስት ከባሏ ዲያ እንድትወርስ ማዘዛቸው የተረጋገጠ ነው፤ ሚስትን «ደሙ የወንዶቹ ነው» ብሎ ማስቀረት መሠረት የለውም። ለምሳሌ ሟቹ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ቢተው፣ ዕዳም ባይኖርበት፣ 240,000 ብር ሲከፋፈል ለሚስት አንድ ስምንተኛ 30,000፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ 40,000፣ ቀሪው 170,000 ለልጆቹ ሆኖ ለእያንዳንዱ ወንድ 68,000፣ ለሴቷ 34,000 ይደርሳል። ፍርድ ቤት በአንቀጽ 2095 መሠረት ለእያንዳንዱ ከሳሽ ለይቶ የወሰነው ቀለብ ግን የዚያው የተወሰነለት ሰው ነው፤ የልጅ ቀለብ ተብሎ የተፈረደ ገንዘብ እንደገና ለዘመድ አይታደልም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ድርሻ

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት በተከራካሪዎች ፈቃድ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የሞግዚትነት፣ የውርስ፣ የስጦታ፣ የኑዛዜና የወቅፍ ጉዳዮችን ለማየት ነው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። የአደጋ ካሣ ክስ በዚህ ሥልጣን ውስጥ ስለሌለ የሚቀርበው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። ሆኖም ለክሱ የሚያስፈልጉ ሁለት ሰነዶች ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ይገኛሉ፦ የወራሽነት ማረጋገጫና ለሕፃናቱ የሞግዚትነት ውሳኔ። ብዙ ቤተሰብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ክሱ እንዴት ይቀርባል?

የአካል ጉዳትና የሞት ካሣ ክስ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ ያያል። ተከሳሾቹ ሹፌሩ፣ የመኪናው ባለቤትና መድን ድርጅቱ ናቸው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሊብሬው ነው፤ ከተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ባለቤቱ መኪናውን ሊሸጥ ይችላል የሚል ሥጋት ካለ ስመ ሀብቱ እንዳይዛወር እግድ ይጠየቃል። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ከሁለትና ሦስት ዓመት ክርክር በኋላ አሸንፎ የሚያስፈጽምበት ንብረት ሊያጣ ይችላል።

የዳኝነት መክፈል የማይችል ቤተሰብ ድህነቱን በማስረጃ አስደግፎ በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። የሕግ ትምህርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ከሚገኘው ካሣ ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ ይግባኝ ቢኖር ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩ ይታወቅ።

ገንዘቡ እንዴት ይሰላል?

ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ሟቹ ምን ያህል ያገኝ እንደነበር፣ ከዚያ ስንቱን ለቤተሰቡ ያውል እንደነበርና ለስንት ዓመት ሊሠራ ይችል እንደነበር ነው። ለደመወዝተኛ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ለነጋዴ የንግድ ፈቃድና የግብር ሰነድ፣ ለገበሬ የመሬት ደብተርና የግብርና ጽሕፈት ቤት ግምት ይቀርባል። የቀን ሠራተኛ፣ ጀብሎና ባለ ጋሪ ሰነድ ባይኖራቸውም አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ይመሰክራሉ። መጠኑን በትክክል ማወቅ ሲያቅት አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ደረሰኝ የለንም ብሎ መቅረት የለም።

ለምሳሌ ያህል፣ የ45 ዓመት ሰው በወር 9,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ሲሶውን ለራሱ ያውላል ቢባል ለቤተሰቡ 6,000 ብር ይቀራል፤ በዓመት 72,000 ማለት ነው። እስከ 60 ዓመቱ ለ15 ዓመት ሲሰላ 1,080,000 ብር ይመጣል። ዳኛው ይህንኑ ይፈርዳል ማለት አይደለም፤ የልጆቹ ዕድሜና የገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈል እየታየ ሊቀነስ ይችላል። ሆኖም ቤተሰቡ በሽምግልና 50,000 ብር ሲቀርብለት ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር ያውቃል። የቤት እመቤት ስትሞት ደግሞ ገቢ አልነበራትም ይባላል፤ ልጅ ማሳደግ፣ ቤት ማስተዳደርና በሽተኛ መንከባከብ በገንዘብ የሚተመን አገልግሎት መሆኑን በክሱ ውስጥ በዝርዝር ማሳየት ይገባል።

ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን እጅግ ትንሽ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም ትርጉም የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ የሐዘን ምልክት ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የክሱ ክብደት ሁሉ በቀለብ ኪሣራው ላይ ይሁን።

በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሞቱ

በሳዑዲ ዓረቢያ ከ2011 እ.ኤ.አ ጀምሮ በስህተት ለሞተ ወንድ ሙስሊም የዲያ መጠን 300,000 ሪያል ነው፤ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ግድያ ደግሞ 400,000። በመኪና አደጋ ሲሆን የትራፊክ ሪፖርቱ ለሹፌሩ በሰጠው የጥፋት መቶኛ ልክ ይከፈላል፤ የሴት ዲያ በሳዑዲ አሠራር ግማሽ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለረጅም ጊዜ የታወቀው መጠን 200,000 ድርሃም ነው።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሚያስፈልገው የወራሾች ማረጋገጫና ውክልና ነው። ሁለቱም በዐረብኛ ተተርጉመው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሚመለከተው አገር ኤምባሲ መረጋገጥ አለባቸው። በሪያድ ያለው ኤምባሲና በጂዳ ያለው ቆንስላ ጉዳዩን እንዲከታተሉ በጽሑፍ ይጠየቁ። ሟቿ በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ስለሆነ አገር ቤትም የሚጠየቅ አለ። አስከሬን እንዲመጣ ሲባል የሚመጣ «ተናዙል» የሚል ወረቀት መብትን መተው ማለት ነው፤ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው አይፈረም። ያልተከፈለ ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያም ከዲያው የተለየ መብት ስለሆነ ለብቻው ይጠየቅ።

መዘንጋት የሌለበት

የፖሊስ መዝገብ ሳይኖር መቅበር፣ በሐዘን ሰሞን መፈረም፣ ሁለት ዓመት ማሳለፍና የሕፃናትን ድርሻ በሌላ ሰው ይቅርታ ማጥፋት፤ ቤተሰብ መብቱን የሚያጣው በአብዛኛው በእነዚህ አራት ነው። አራቱንም መከላከል የሚችለው ደግሞ በለቅሶው ቤት ከሐዘንተኛው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ ጎረቤቱ፣ የቀብር ጀማዓው ሰብሳቢ፣ የሰፈሩ ኢማም። ለሟቹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ «የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችኋል? ያስፈረማችሁ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ከተዝያው የሚቆጠር መልካም ሥራ ነው። አላህ የሞቱትን ይማር፣ ለቀሩት ሶብሩን ይስጥ።